ትሪኮሞናስ ሁለት ጊዜ ታክሜ ለምን ተመለሰብኝ?

የአቶቴዋ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ለማንም ያልነገርኩትን እዚህ የምጽፈው የሚያውቀኝ ሰው ስለሌለ ነው። የ29 ዓመት ሴት ነኝ፤ ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ እኖራለሁ። ትዳር ከያዝኩ አራት ዓመቴ ነው፣ አንድ ልጅ አለኝ። ከአምስት ወር በፊት ያልለመድኩት ፈሳሽ ይታየኝ ጀመር። ወደ ቢጫና አረንጓዴ የሚያደላ፣ አረፋ ያለው፣ ሽታው ለራሴም የሚከብደኝ ነበር። ከዚያ ማሳከክ ተከተለ፤ ሽንት ስሸና ደግሞ ያቃጥለኛል። እናቴ ብትሰማ «ብርድ ነው» እንደምትል አውቃለሁና እኔም ብርድ ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ለብ ባለ የጨው ውኃ እስከ ውስጤ ድረስ ታጠብኩ፤ ባሰብኝ እንጂ አልተሻለኝም።

በመጨረሻ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ናሙና ወሰዱና «ትሪኮሞናስ ነው» አሉኝ፤ ሜትሮኒዳዞል ለሰባት ቀን ታዘዘልኝ። ጨረስኩት፣ ዳንኩ። ወር ሳይሞላ ተመለሰ። እንደገና ሄድኩ፣ ያንኑ መድኃኒት ሰጡኝ፣ ዳንኩ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጀመረኝ። በሁለቱም ጊዜ ስለ ባለቤቴ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ እኔም አፍሬ አላነሳሁም። ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም በስልኬ ስፈልገው «የአባላዘር በሽታ» የሚል አነበብኩ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እኔ ከባለቤቴ ሌላ ወንድ አላውቅም። እሱን ደግሞ ምንም አያመውም።

መድኃኒቱ አልሠራልኝም ማለት ነው? ግቢያችን ውስጥ አራት ቤተሰብ በአንድ መጸዳጃ ቤት እንጠቀማለን፤ ከዚያ ይዞኝ ይሆን? ለባለቤቴስ ምን ብዬ ልንገረው?

እውነት ይነገር · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

እህቴ፣ ራስሽን አታታልዪ። አንቺ ሌላ ሰው ካላወቅሽ ያመጣው እሱ ነው። የእኔ ታላቅ እህት እንዳንቺ ዝም ብላ ኖራ ብዙ ነገር አጥታለች። ወረቀትሽን ይዘሽ ሽማግሌ ፊት አቁሚው። የምናገረው ተናድጄ ነው፤ ግን አዝኜልሽ ነው።

ማይክሮስኮፕ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡20

ከላይ የጻፉት ሰው ንዴት ይገባኛል። ሆኖም በዚህ በሽታ ቤት ከመፍረሱ በፊት መታወቅ ያለበት ነገር አለና ልጻፍ። ላቦራቶሪ ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሐኪም አይደለሁም፣ ያየሁትን ነው የምናገረው።

ትሪኮሞናስ ባክቴሪያም ቫይረስም አይደለም፤ አንድ ሕዋስ ብቻ ያለው ጥገኛ ተውሳክ ነው። አልፍሬድ ዶኔ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1836 ፓሪስ ውስጥ በማይክሮስኮፕ አይቶ መዘገበው። እኛም ዛሬ በአብዛኛው የምናየው እሱ ባየበት መንገድ ነው። ከታካሚዋ የተወሰደው ፈሳሽ በአንድ ጠብታ የጨው ውኃ ስላይድ ላይ ይቀላቀልና በስስ መስታወት ይሸፈናል። 40 ጊዜ በሚያጎላው ሌንስ ሲታይ ነጭ የደም ሕዋሳት እንደ ጠጠር ተኝተው ይታያሉ። በመካከላቸው መጠኑ ከእነሱ ብዙም የማይለይ አንድ ነገር ይንፈራገጣል። ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ይንቀጠቀጣል፣ ይገለበጣል፣ ባለበት ይሽከረከራል። ከፊቱ ጅራፍ የመሰሉ አራት ቀጫጭን ጭራዎች አሉት፤ የሚያንቀሳቅሱት እነሱ ናቸው። አንድ ጊዜ ያየው ሰው አይረሳውም።

ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። የምናውቀው በእንቅስቃሴው ነው። ናሙናው ከሰውነት ከወጣ በኋላ ይቀዘቅዛል፣ ተውሳኩም ይደክማል፤ መንቀሳቀስ ካቆመ ደግሞ ከነጭ የደም ሕዋስ ለመለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ስላይዱ ወዲያውኑ፣ ቢቻል በአሥር ደቂቃ ውስጥ መታየት አለበት። ወረፋ በበዛበት ጠዋት ጠረጴዛ ላይ ግማሽ ሰዓት የቆየ ስላይድ «ምንም የለም» ተብሎ ይጻፋል፤ ተውሳኩ ግን ሴትዮዋ ውስጥ አለ። በጥሩ አሠራር እንኳ በዚህ ምርመራ የሚያዙት፣ በሽታው ካለባቸው አሥር ሴቶች ውስጥ ከአምስት እስከ ሰባት ቢሆኑ ነው። ወንድ ላይ ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው። የተውሳኩን ዘረ መል የሚፈልገው ምርመራ እጅግ የተሻለ ነው፤ በየጤና ጣቢያው ግን አይገኝም። ባለቤትሽ ተመርምሮ «ነጻ ነው» ቢባል እንኳ ንጹሕ መሆኑን አያረጋግጥም ማለት ነው። አንቺ በሽታው እንዳለብሽ ከታወቀ እሱ የሚታከመው ውጤት ሳይጠበቅ ነው።

አሁን ወደ «ማን አመጣው» ልምጣ። ይህ ተውሳክ ከያዛቸው ሰዎች አብዛኞቹ፣ እስከ 70 ከመቶ የሚሆኑት፣ ምንም አይሰማቸውም። ምልክት ለሚያሳዩት ከያዛቸው ከ5 እስከ 28 ቀን ባለው ጊዜ ሊጀምራቸው ይችላል፤ ሌሎች ላይ ግን ወራት ቆይቶ ይወጣል። ሳይታከም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቀመጣል። ከጋብቻ በፊት የነበረ ሊሆን ይችላል፤ ትናንት የመጣም ሊሆን ይችላል። ስላይዱ ላይ ተውሳኩን አያለሁ፤ መቼና ከማን እንደመጣ ግን አይጻፍበትም። በእኔ ላቦራቶሪ ወረቀት ፍርድ ሲሰጥ ሰምቻለሁ፤ በጣም ያመኛል።

ሲስተር · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡15

የአቶቴዋ እህቴ፣ አይዞሽ። አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ የሌሊት ተረኛ ሆኜ ነው ያነበብኩት። የመጀመሪያ ጥያቄሽን ልመልስ፤ መድኃኒቱ ሠርቷል። ሁለት ጊዜ ድነሻል፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ እንደገና ተይዘሻል። መድኃኒቱን የሚቋቋም ተውሳክ አለ፤ ቁጥሩ ግን ጥቂት ነው። አንቺ በነገርሽን ሁኔታ፣ ባል ሳይታከም ሚስት ብቻ ስትታከም፣ የተመለሰበት ምክንያት ፊት ለፊት ቆሟል። ይህን ያልጠየቁሽ ባለሙያዎች ማዘዣውን ግማሽ አድርገው ነው የሰጡሽ። እኔ በሙያዬ አፍሬ ነው ይህን የምጽፈው።

መጸዳጃ ቤቱን ከአእምሮሽ አውጪው። አሜባና ጃርዲያ ከሰውነት ውጭ የሚያቆያቸው ጠንካራ ቅርፊት ይሠራሉ፤ ትሪኮሞናስ ይህ የለውም፣ ሲደርቅ ይሞታል። የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። ጎረቤቶችሽን አትጠርጥሪ፣ ልጅሽም ከመጸዳጃ ቤት አይያዝም።

ሕክምናው ሜትሮኒዳዞል ነው። ለሴት በቀን ሁለት ጊዜ 500 ሚሊ ግራም፣ ለሰባት ቀን። አገራችን ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ባለ 250 ስለሆነ በአንድ ጊዜ ሁለት ፍሬ ማለት ነው። ለወንድ ብዙውን ጊዜ 2 ግራም በአንድ ጊዜ ይሰጣል፤ ባለ 250ው ከሆነ ስምንት ፍሬ መሆኑ ነው። አንዳንድ ሐኪም ለወንድም የሰባት ቀኑን ያዝዛል። ወይም በሜትሮኒዳዞል ፈንታ ቲኒዳዞል የተባለ መድኃኒት 2 ግራም በአንድ ጊዜ ይሰጣል። ከምግብ ጋር ዋጡት፤ ሆድ ያቅለሸልሻል፣ አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ይተዋል፣ ሽንትም ሊጠቁር ይችላል፤ ያልፋል። ጠላም ሆነ ጠጅ፣ አረቄም ሆነ ቢራ፣ መድኃኒቱ እስኪያልቅና ከዚያም በኋላ ሦስት ቀን ይቅር። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር።

ሁለታችሁ በአንድ ቀን ጀምሩ። የሁለታችሁም መድኃኒት ካለቀ ሰባት ቀን ሞልቶ፣ ምልክቱም ጠፍቶ እስክታዩ ድረስ አትገናኙ። ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ይሻላቸውና ይረሱታል። አንቺ በሦስተኛው ወር ተመልሰሽ ተመርመሪ። ውስጥሽን በጨው ውኃ መታጠቡን ደግሞ ተዪው፤ ገላን ከጀርም የሚጠብቁትን ጥሩ ባክቴሪያዎች ያጥባል።

ሌላም አለ። ትሪኮሞናስ ያለባት ሴት ኤች አይ ቪ የመያዝ ዕድሏ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ይጨምራል፤ የተቆጣው የማህፀን በር ለቫይረሱ መግቢያ ስለሚሆን ነው። ስትሄዱ ለኤች አይ ቪና ለቂጥኝም ተመርመሩ።

ነፍሰ ጡር እናት · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡30

ሲስተር፣ ይቅርታ፣ ውይይቱን የከፈትኩት እኔ አይደለሁም። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ተመሳሳይ ፈሳሽ አለኝ። ጎረቤቴ «መድኃኒት ፅንስ ያበላሻል፣ እስክትወልጂ ታገሺ» አለችኝ።

ሲስተር · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡55

እናቴ፣ አትታገሺ፤ ዛሬውኑ ወደ ክትትልሽ ሂጂና ንገሪያቸው። ሜትሮኒዳዞል በእርግዝና ጊዜ ይሰጣል። በእርግዝና የማይሰጠው ቲኒዳዞል ነው። ትሪኮሞናስ ያለባቸው እናቶች ያለ ጊዜው የመውለድና ክብደቱ ያነሰ ሕፃን የመውለድ ዕድላቸው ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ዝምታው ነው የሚያስፈራው። ፈሳሽ ሁሉ ትሪኮሞናስ አለመሆኑንም አስታውሺ፤ መጀመሪያ ይመርምሩሽ።

ፋርማሲው በር ላይ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡10

ሲስተር የመጨረሻዋ ላይ ያነሱትን ላስፋው። ፒያሳ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። በሳምንት ውስጥ ስንት ሴት «ፍላጅል አለ? አራት ፍሬ ብቻ» ብላ እንደምትገባ ብነግራችሁ አታምኑም። ፍላጅል የሜትሮኒዳዞል የንግድ ስም ነው፤ በየቤቱ ያውቁታል፤ ለአሜባ ለልጅ ተገዝቶ የተረፈ መሳቢያ ውስጥ አለ። ፈሳሽ ሲታይ ያ የተረፈው ይዋጣል፣ ሁለት ቀን ይሻላል፣ ይተዋል።

ፈሳሹ እንደ እርጎ የረጋ፣ ነጭ፣ ሽታ የሌለውና በጣም የሚያሳክክ ከሆነ ብዙ ጊዜ ፈንገስ ነው፤ ፍላጅል ለፈንገስ አይሠራም፣ እንዲያውም ሊያባብሰው ይችላል። ቀጭን፣ ግራጫ፣ የዓሣ ሽታ ያለው ከሆነ የባክቴሪያ ሚዛን መዛባት ሊሆን ይችላል። የትሪኮሞናስ አረንጓዴና አረፋማ ፈሳሽ በመጽሐፍ እንደተጻፈው ጥርት ብሎ የሚታየው በጥቂቶች ላይ ነው፤ ከባክቴሪያው ሚዛን መዛባት ጋር ተደርቦ የሚገኝበትም ጊዜ ብዙ ነው። ባንኮኒ ላይ ቆሜ በወሬ ልለየው አልችልም። ስለዚህ «ተመርምረሽ ነይ» ስል ሽያጭ እየከለከልኩ እንዳይመስላችሁ። በማህፀን የሚቀባው የሜትሮኒዳዞል ጄልም ለትሪኮሞናስ አይሆንም፤ ተውሳኩ ሽንት ቧንቧ ውስጥም ስለሚደበቅ የሚዋጠው ነው የሚደርስበት።

የአሞራ ገደሉ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

ሴቶች በሚጽፉበት መሃል መግባቴን ይቅር በሉኝ። የአቶቴዋ እህት፣ ሦስተኛውን ጥያቄሽን የመለሰልሽ የለም፤ እኔ ልሞክር። ባልሽ የቆመበት ቦታ ላይ ቆሜ ነበር።

ዓሣ ገበያው አጠገብ ነው ሥራዬ። ባለቤቴ ሦስት ጊዜ ስትታከም እኔ ሆዴን ሞልቼ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ። ምንም የለኝም። ጠዋት ጠዋት ሽንት ስሸና ትንሽ ይለበልበኝ ነበር፤ ፀሐይ ነው፣ ውኃ አልጠጣሁም እል ነበር። በመጀመሪያ ስትነግረኝ ያለችው «ከየት ነው ያመጣኸው?» ነበር። እኔም «አንቺስ?» አልኩ። ሁለት ወር ሙሉ በአንድ ቤት ውስጥ እንደ ተከራይ ኖርን። በዚያ ሁለት ወር ውስጥ በሽታው አንድ ቀን እንኳ አላረፈም።

ሁለተኛ የነገረችኝ ሐይቅ ዳር ነው። ሥራ ጨርሼ ጀልባዎቹ ሲታሰሩ መጣችና ዛፍ ሥር ተቀመጥን። «ከየት እንደመጣ ዛሬ አልጠይቅህም» አለችኝ። «ነርሷ ግን አንተ ካልታከምክ እኔ ዕድሜ ልኬን ፍላጅል ስውጥ እኖራለሁ አለችኝ። ለእኔ ብለህ ና።» እንዲህ ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ። ክሱ ቢሆን እከራከር ነበር።

በማግስቱ አብረን ሄድን። ነርሷ በሩን ዘጋች፣ ማን ምን አደረገ አላለችም። ስምንት ፍሬ እጄ ላይ ቆጠረችልኝ። ከጤና ጣቢያው በር ላይ ዳቦና ሻይ ገዝቼ በልቼ ስለነበር እዚያው በአንድ ጊዜ ዋጥኳቸው። ሦስት ቀን ያህል አፌ ውስጥ ሳንቲም ያለ ይመስለኝ ነበር። የጠዋቱ መለብለብም ጠፋ። ያን ጊዜ ነው በሽታ እንደነበረብኝ ያመንኩት።

እውነት ይነገር · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15

ትናንት የጻፍኩትን ደግሜ አነበብኩት። ስለ እህቴ ያለኝን ቁጭት አንቺ ላይ አራገፍኩ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ባል አልታከምም ካለ፣ ወይም ሲነገረው እጁን ካነሳ፣ እሷ ብቻዋን መጋፈጥ የለባትም።

ሲስተር · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

እውነት ነው፣ ይህን ባለማንሳቴ ተሳስቻለሁ። ለመናገር የሚያስፈራሽ ነገር ካለ፣ መጀመሪያ ለሚያክምሽ ነርስ ንገሪ። ባልን በሌላ ምክንያት ጠርተን፣ ስምሽን ሳናነሳ የምናክምበት መንገድ አለ፤ ብዙ ጊዜ አድርገነዋል። አልታከምም ካለ ደግሞ ያለ ኮንዶም አትገናኙ። ኮንዶም ይህን በሽታ ሙሉ በሙሉ ባያስቀርም በጣም ይቀንሰዋል።

የማታ ፈረቃ · ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 6፡20

የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ ነኝ። አላገባሁም። ይህን ውይይት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በእኛ ክፍል አራት ሆነን ነው የምንኖረው፤ ከአራታችን ሁለታችን እንዲህ ያለ ፈሳሽ አለን፣ ሁለታችንም የተሰፋ ልብስ ስንቆጥር እንውላለን እንጂ ጤና ጣቢያ አልሄድንም። «ያላገባሽ ለምን መጣሽ» ይሉኛል ብዬ ነው።

ሲስተር · ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 7፡00

እህቴ፣ ያላገባሽ መሆንሽ የማንም ጉዳይ አይደለም። ጤና ጣቢያዎች ለወጣቶች የተለየ አገልግሎት የሚሰጡበት ክፍል አላቸው፤ በር ላይ «የወጣቶች ክፍል» ብለሽ ጠይቂ። ጓደኛሽን ይዘሻት ሂጂ። በዓለም የጤና ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ 156 ሚሊዮን ሰዎች በዚህ ተውሳክ አዲስ ተይዘዋል። ከቫይረስ ውጭ ካሉት የአባላዘር በሽታዎች የሚበዛው እሱ ነው፤ በርካሽ መድኃኒት የሚድነውም እሱ ነው። ይህን ሁሉ ሰው ይዞ ስሙን የሚያውቀው ጥቂት መሆኑ ነው የሚያሳዝነኝ።

የአቶቴዋ · ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡05

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገርኩት። የአሞራ ገደሉ ወንድሜ ባለቤትዎ ያለችውን ቃል በቃል ነው ያልኩት፤ ሐይቅ ዳር ሳይሆን ልጃችን ከተኛ በኋላ በረንዳ ላይ። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ነገ ስንት ሰዓት ነው የሚከፍቱት?» አለኝ። ዛሬ ጠዋት አብረን ሄድን። እሱ ስምንቱን እዚያው ዋጠ፣ እኔ የሰባት ቀኑን ጀመርኩ። ኤች አይ ቪና ቂጥኝም ተመረመርን፤ ሁለታችንም ነጻ ነን።

ማይክሮስኮፕ · ዓርብ፣ ከምሽቱ 4፡10

ተባረኩ። ለሦስተኛው ወር ምርመራ ስትሄጂ ጠዋት በማለዳ ሂጂ፣ በዚያ ቀን ውስጥሽን አትታጠቢ። ናሙናው ሲወሰድ ደግሞ «ወዲያውኑ ይታይልኝ» በዪ። ማለት መብትሽ ነው፤ እኛም ሲነገረን እንነቃለን።

የአቶቴዋ · ከሦስት ወር በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 5፡30

እንዳላችሁኝ ሦስተኛው ወር ሲሞላ ተመልሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ፈሳሹም ማሳከኩም አልተመለሰም። ዛሬ ጠዋት ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዎች አንዷ ሆኜ ደረስኩ። ላቦራቶሪው ልጅ እግር ነው። «ወዲያውኑ ይታይልኝ» ስለው ቀና ብሎ አየኝና ስላይዱን ይዞ በቀጥታ ወደ ማይክሮስኮፑ ሄደ። ደጋግሞ አየ። ምንም አላገኘም።

ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም። ባለፈው ወር ግን ማታ ራት ላይ በራሱ አንስቶ ከእኔ በፊት ስለነበረ ጊዜ ጥቂት ነገር ነገረኝ። ያ ይሁን ሌላ፣ ማይክሮስኮፕ ወንድሜ እንዳሉት ስላይዱ ላይ አይጻፍም። የማታ ፈረቃ እህቴ፣ ሄድሽ ወይ? ካልሄድሽ ቅዳሜ ጠዋት ነጻ ነኝ፤ አብሬሽ እሄዳለሁ።